መምህር ካሣዬ የተሸከሙልኝ አንድ መስመር

መምህር ካሣዬ ዐረፉ። ወሬው የደረሰኝ ረፋድ ላይ፣ አዲስ አበባ በምሠራበት ቢሮ፣ በስብሰባ መካከል ነው። የደወሉልኝ ታላቅ እህታቸው እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። «መሲ፣ ተቀምጠሻል?» አሉኝ። ተቀምጫለሁ አልኳቸው። «ካሣዬ ዛሬ ማለዳ ዐረፈ። ልቡ ነው። እስከ መጨረሻው አእምሮው አልተለየውም። ቀብሩ ነገ ነው።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከነገሩኝ በኋላ ነው ድምፃቸው የተሰበረው።

የእኛ አገር ሰው መርዶ እንዲህ እንደማይነገር ያውቃል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው እንጂ ሰው ሥራው ላይ ተቀምጦ ሳለ በስልክ አይነገረውም። እትዬ ጥሩነሽ ወጉ ጠፍቷቸው አይደለም። «እሱ ነው ያዘዘኝ» አሉኝ በኋላ፤ «‹ከመሲ እንዳትደብቁ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ንገሯት› ብሎ።» ለምን እንደዚያ እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እናንተ መምህር ካሣዬን የምታውቁ ሁሉ፣ ፊዚክስ ያስተማሯችሁ፣ የተበላሸ ስልካችሁን በነፃ የጠገኑላችሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ያሏችሁ፣ ስለ እሳቸው ደግ ደጉን እጽፋለሁ፤ የሚጻፍ ሞልቷል። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ መናገር የነበረብኝ፣ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። ስለ አያ ሲሳይ እጅ ነው። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን የምታውቁት ተሳስታችሁ ነው፤ ያሳሳትኳችሁም እኔ ነኝ። እዚያ እስክደርስ ታገሡኝ። መሐል ላይ ፈርቼ እንዳልሸሽ ነው ከወዲሁ የምናገረው።

መምህር ካሣዬ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚሁ ላሊበላ ፊዚክስ አስተማሩ። ከዚያ አንድ ሆቴል አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲጥል ሁለቱን ለምነው ወሰዱና፣ ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። ማንም አላስተማራቸውም። በሁለት ጣት ነበር የሚጽፉት፤ እስኪጨርሱ ሰው ያዛጋል። ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ሁለት ጠረጴዛ አስገብተው፣ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ዲግሪ ነበረኝ፤ ከእሳቸው ጋር ስቀመጥ ግን ምንም እንደማላውቅ የገባኝ ገና የመጀመሪያው ቀን ነው።

ያን ቀን ኮምፒውተር አላስነኩኝም። «ሂጂ፣ ሻማ ገዝተሽ ነይ» አሉኝ። መብራት የሚመጣበትና የሚሄድበት የማይታወቅበት ወቅት ስለነበር አልገረመኝም። ሄድኩ፤ ሱቁ ዝግ ነው። ባዶ እጄን ተመልሼ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

«ሻማውስ?»

«የለም።»

«የለም ማለት? ሱቁ ተዘግቷል? ሻማው አልቋል? ብሩ አነሰሽ? ወይስ መንገድ ላይ ጓደኛ አግኝተሽ ስታወሪ ረሳሽው?»

«ኧረ ተዘግቶ ነው፣ መምህር!»

«ታዲያ እንደሱ በይኛ! ተዘግቶ ከሆነ ቆይቼ እልክሻለሁ። አልቆ ከሆነ ሌላ ሱቅ እልክሻለሁ። ብር አንሶሽ ከሆነ እጨምርልሻለሁ። ረስተሽው ከሆነ ደግሞ» አሉና በራሳቸው ቀልድ አስቀድመው ሳቁ፣ «ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ። ባዶ እጅ ሁሉ አንድ አይደለም፣ መሲ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ሰውዬው ትንሽ ነካ ሳያደርጋቸው አይቀርም ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ሥራቸውን ለማያውቅ ላስረዳ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ጥቁር መስኮት አለ፤ በማውስ ጠቅ ጠቅ የሚደረግበት ሳይሆን ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት። «ይህን ቅዳ»፣ «ያንን ዝርዝር አውጣ» ይባላል፤ የታዘዘው ፕሮግራም ሄዶ ሠርቶ ይመለሳል። መምህር ካሣዬ ዕድሜያቸውን የሰጡት «ላኪ» ብለው ለሰየሙት ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ የምንለው፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው በሥራቸው ውስጥ የሚከቱትን የተዘጋጀ ኮድ ነው። የላኪ ሥራ ትእዛዙን መላክ፣ እስኪመለስ መጠበቅ፣ የሆነውን ለላከው ሰው መናገር ነው። መላኩ ቀላል ነው፤ ጀማሪም ይሠራዋል። ያቺ የመጨረሻዋ ናት፣ የሆነውን መናገር፣ የሰውዬውን ዓይን ያፈዘዘችው።

የተላከ ፕሮግራም ሲመለስ ያመጣውን ያስረክባል፤ እሮሮ ካለው በሌላ በር ይዞት ይገባል፤ ከሁለቱም ጋር አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ደኅና ነው፤ ሌላ ከሆነ የተበላሸ ነገር አለ። መምህር ካሣዬ ያንን ቁጥር «ፊቱ» ነበር የሚሉት። «ያመጣውን ከመቀበልሽ በፊት ፊቱን እይ» ይሉኛል፤ «ሰው ፊቱ ጠቁሮ ሲገባ ‹ምን ይዘህ መጣህ?› አይባልም።»

እኔ ግን ያደግኩት በሌላ ትምህርት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልቀመጥ ስል አባቴ ወልድያ ታክሞ ሳለ ሞተ። ዘመድ ሁሉ ተማክሮ፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ ተብሎ ተደበቀብኝ። እናቴ ጥቁር ልብሷን ጎረቤት ቤት አስቀምጣ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ትለብሳለች፤ ስመጣ አውልቃ ትጠብቀኛለች። ልደውልለት ስል ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሞተ ሰው ሰላምታ ሲደርሰኝ ከረመ፤ «አባትሽ ደኅና ነኝ ብሏል፣ በርቺ ብሏል።» ክፋት አልነበረም፤ ስለሚወዱኝ ነው። እኔም እንደዚያው ተማርኩት። የሚወዱትን ሰው ክፉ አያሰሙትም፤ ደኅና ነው ይሉታል።

ይህን አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ለመምህር ካሣዬ አጫወትኳቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «ፈተናውን አለፍሽ?» አሉኝ።

«አለፍኩ።»

«አባትሽን ግን ሳትቀብሪው ቀረሽ።»

ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲበርድልኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ወጉ እኮ መርዶ መደበቅ አይደለም፤ በወግ መንገር ነው። ለዚህ አይደል ሽማግሌ ተመርጦ የሚላከው? ማን እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ፣ ሲሞት ምን እንዳለ ይነግርሻል፤ ስትወድቂ ይይዝሻል። ላኪም እንደ ጥሩ ሽማግሌ ነው መናገር ያለበት።» ላኪንም እንደዚያ አድርገው ነበር የሠሩት። አንድ ትእዛዝ ሲከሽፍ ስሙን ይጠራል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ የመጨረሻ እሮሮውን እንዳለ ያሰማል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ላኪ ያኔ የሚሠራው ለአንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ሠራተኞቹ ጥፋት የለባቸውም። የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየወሩ የሚወስዱ ሰዎች ስም በኮምፒውተር ተመዝግቧል። ወር ሲያልቅ ፕሮግራማችን በላኪ በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ የየመንደሩ ዝርዝር ይወጣል፤ በዝርዝሩ መሠረት መድኃኒቱ ራቅ ራቅ ወዳሉት ጤና ኬላዎች ይጫናል።

አንዲት ገና የተመረቀች ነርስ ነበረች። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣባትና እያለቀሰች ደወለችልን። «ዕቃውን ሰበርኩት፣ ሊያባርሩኝ ነው!» ትላለች። ምንም አልሰበረችም፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው። አንጀቴን በላችው። መምህር ካሣዬ ወገል ጤና ከተማ ሄደዋል፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። አንድ መስመር ጻፍኩ። ትእዛዙ ከከሸፈ ምንም አትናገር፤ ባዶ ዝርዝር መልስና «ተሳክቷል» በል። በቃ። ያቺ ልጅ እንዳትደነግጥ ብዬ። ሲመለሱ አሳያቸዋለሁ አልኩ። ሲመለሱ ሌላ ሥራ ጠበቀን፤ ሳላሳያቸው ቀረሁ። ውሸት ለመጨመር አይደለም የምለው፣ ረስቼው ነበር።

ሁለት ወር ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ወር የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ሞላ። ዝርዝሩ መንደር በመንደር ሲወጣ ቆይቶ የመጨረሻዋ መንደር ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀ። ትእዛዙ ከሸፈ፤ እሮሮውን አሰማ፤ ፊቱን አጠቆረ። የእኔ መስመር አፉን ያዘችው። የዚያች መንደር ዝርዝር ባዶውን ወጣ፤ ከበላዩ በአረንጓዴ «ተሳክቷል» ይላል። መድኃኒት የሚጭነው ሰው አየና፣ በዚህ ወር እዚያ የሚፈልግ የለም ማለት ነው ብሎ አለፈ። ምን ያድርግ? ደኅና ነው ተብሏል።

መንደሯ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለችው ናት። አያ ሲሳይ እዚያ ነው የሚኖሩት። ግንበኛ ነበሩ፤ ድንጋይ እጃቸው ሲገባ ይታዘዝላቸዋል ይባልላቸው ነበር። የሚጥል በሽታ ከልጅነታቸው አለባቸው፤ መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ግን ለዓመታት ጥሏቸው አያውቅም። ያን ወር ጤና ኬላ ሄደው «አልመጣም» ተባሉ። ሳምንት ቆይተው ሄዱ፤ አልመጣም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ጣላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ፈንታዬ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ የአያ ሲሳይ ቀኝ እጅ እሳቱ ውስጥ ነው።

ነፍሳቸው ተረፈች። እጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ መዶሻ ጨብጦ አያውቅም።

መምህር ካሣዬ ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃቸው። በእኛ ሙያ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ተመዝግቦ ይቀመጣል። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስሜን አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነርሷ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከደኑት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ የቀበሌው ሰዎች፣ የአያ ሲሳይ ወንድም፣ እትዬ ፈንታዬም አሉ። «ይህን ማን ነው ያጠፋው?» ተባለ። መምህር ካሣዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «ላኪን የሠራሁት እኔ ነኝ። መጠበቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉና ተቀመጡ። ስሜን አላነሡም። እኔ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣልኝም። አበስኩ ገበርኩ! እትዬ ፈንታዬ እያለቀሱ ሲወጡ እኔን ተደግፈው ነው የወጡት።

ወደ ቢሮ ስንመለስ መምህር ካሣዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ። «መቼ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ፣ መምህር።»

«እሺ» አሉ። ከዚያ እስኪያርፉ ድረስ አልጠየቁኝም።

ይህን የሚያነብ ሰው «እንዴት ደግ ነበሩ» ብሎ ብቻ እንዲያልፍ አልፈልግም። መምህር ካሣዬ አልዋሹልኝም። ማን ነው የጻፈው ተብለው ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም። የድርሻቸውን ተናግረው የእኔን ድርሻ ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ነኝ ሳልናገር የከረምኩት። ዛሬ ነገ ስል ወር ሆነ፤ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱ ስድስት ሆነ። ክፉ ወሬ ሲያድር እየከበደ ነው የሚሄደው።

እትዬ ፈንታዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ካሣዬን አኮረፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲገናኙ መምህር ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ፈንታዬ?» ይላሉ። እትዬ ፈንታዬ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ጊዜ መሬት ላይ እንትፍ ሲሉም አይቻለሁ። እኛ አገር ሰላምታ መንሳት ምን እንደሆነ አታጡትም፤ ከዱላ ይብሳል። እኔንስ? እኔን እያገላበጡ ነበር የሚስሙኝ! «አለሽ ወይ፣ ልጄ?» ይሉኛል። መምህር ካሣዬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቁኛል።

አያ ሲሳይ ጀምረውት የቀረ የጎረቤት ቤት ነበር። ግድግዳው ወገብ ላይ ቆሟል። መምህር ካሣዬ ደቦ ጠርተው የድሮ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ እኔም ነበርኩ። አያ ሲሳይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው እያሳዩ ያዛሉ፤ መምህር ጭቃ ያቦካሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የፊዚክስ መምህር ጭቃ ሲያቦካ! አያ ሲሳይ ራሳቸው ሳቁ። ቀትር ላይ እትዬ ፈንታዬ ጠላ ይዘው መጡ፤ ለሁሉም ቀዱ፤ መምህር ካሣዬን ዘለሏቸው። ሁላችንም አቀረቀርን። እሳቸው ተነሥተው ወንዝ ወርደው ውኃ ጠጡና ተመልሰው ጭቃቸውን ያዙ። ያን ቀን እናገራለሁ ብዬ ነበር። ጠላው እጄ ላይ ነበር፤ ጠጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ላኪን እንደ አዲስ ጻፉት። የእኔ ዓይነት መስመር ማንም ሰው እንዳያስገባ አደረጉ። የሚዘገይ ትእዛዝ ሲኖርም ወሰን አበጁለት። «የዘገየ ሁሉ አልሞተም» ይሉ ነበር፤ «ግን ዕድሜ ልክ በር ላይ ቆሞ አይጠበቅም። ሦስት ጊዜ አንኳኩ፤ ካልተከፈተ ለሰው ንገሩ።» የስህተት መልእክቶቹን ሁሉ ደግሞ በአማርኛ ጻፏቸው። አንድ ቀን ጋሸና መኪና አጥተን የሹፌሮች ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለናል። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ ሽሮ ሲያመጡልን መምህር ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዙረው፣ «ይህን ቢያነቡ ምን ይረዳሉ?» አሏቸው። «ሂደቱ አልተሳካም» ይላል።

ወይዘሮ ዘይነባ አጎንብሰው አነበቡት። «ማን ነው የሄደው?» አሉ።

መምህር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ወላሂ ልክ ነዎት!» ብለው፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ፣ እዚያው አጠፉት። በፋንታው የጻፉትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «የታካሚዎቹ ዝርዝር አልወጣም። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ መሙላቱ ነው። ይህ ማለት ታካሚ የለም ማለት አይደለም። እርስዎ ያበላሹት ነገር የለም። መድኃኒት ከመጫንዎ በፊት ይደውሉልን።» ነርሷንም አላስደነገጡ፣ ክፉውንም አልደበቁ። ይህን መጻፍ ይቻል ነበር። እኔም ትንሽ ባስብ እችለው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በየወሩ መጀመሪያም ላኪን አምነው አይቀመጡም ነበር። ወደ ጤና ኬላው ደውለው፣ ኔትወርክ ከሌለ በእግራቸው ሄደው፣ «መድኃኒቱ ደረሰ?» ብለው ይጠይቃሉ። መንገዱ ሁሉ በተዘጋባቸው ወራት እንኳ እየሄዱ መጠየቃቸውን አልተዉም።

እኔ ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። ደስ ብሏቸው መረቁኝ። እውነቱ ግን ከቅዳሜ ገበያ ነው የሸሸሁት።

ባለፈው ክረምት ደወሉልኝ። «መሲ፣ ልቤ ደክሟል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የለዎትም ብሎኛል። ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።» መጣሁ። አልጋ ላይ ሆነው ገርጥተዋል፤ ባርኔጣቸው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጠያቂው ሁሉ ሲወጣ እትዬ ጥሩነሽን ውኃ አምጪልኝ ብለው ላኩና ሁለታችን ቀረን። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?» አሉኝ።

ልንገራቸው ነበር የመጣሁት። ነገ እትዬ ፈንታዬ ዘንድ እሄዳለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ይዣቸው እመጣለሁ ልል ነበር። አልጋው ላይ ሳያቸው ሌላ ሸክም አልጨምርባቸውም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«የለም፣ መምህር» አልኳቸው።

ለወትሮው «የለም ማለት?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አሉኝ።

ቀብራቸው ላይ ደረስኩ። የከተማው ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። በማግስቱ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ደግ ሰው ነበሩ። ያ የሲሳይ እጅ ነገር ባይኖርባቸው» አሉ አንደኛው። «ምን ይደረግ፣ ሰው አንድ ነገር አያጣም» አሉ ሌላው። በክፋት አልነበረም የተናገሩት። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ልቀብራቸው መጥቼ ጥፋቴን አብሬ ከእሳቸው ጋር ልቀብር እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ መንደሯ ሄድኩ። አያ ሲሳይ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እትዬ ፈንታዬ ሰፌድ ይዘው እህል ያበጥራሉ። ሊስሙኝ ሲነሡ ወደ ኋላ አልኩ። ቆሜ ነገርኳቸው። «እትዬ ፈንታዬ፣ ያን ወር ዝርዝሩ አልወጣም ነበር። ደኅና ነው እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ። መምህር ካሣዬ አላዩትም፤ ወገል ጤና ነበሩ። ተደብቄ የቆየሁትም እኔ ነኝ።»

አያ ሲሳይ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔስ እሳቸውን ተቀይሜ አላውቅም» አሉ።

እትዬ ፈንታዬ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። «ያውቁ ነበር? አንቺ መሆንሽን?»

«ያውቁ ነበር።»

«እያወቁ ነው በየቅዳሜው...» ብለው አልጨረሱትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እርግማን ጠበቅኩ፤ ቢረግሙኝ እወድ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «የእጁን እሺ፣ ይቅር እልሻለሁ፤ እሱም ይልሻል። ልጅ ነበርሽ፣ ለደግ ብለሽ ነው። እኔ ግን ምንም ያላጠፉ ሰው ላይ ስድስት ዓመት ፊቴን አዞርኩ። ደጄ መጥተው ጭቃ ሲያቦኩ ጠላ ነፈግኳቸው። ይህንን ማን ነው ይቅር የሚለኝ? አንቺ ነሽ?»

ወገኖቼ፣ የመምህር ካሣዬን ስም ስታነሡ ያን ነገር ከስማቸው ላይ አንሡልኝና የእኔ ላይ አድርጉት። የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መምህሬ፣ ለእርስዎ ደግሞ የቀረኝ ይህ ነው። ትናንት እትዬ ፈንታዬን መቃብርዎ ላይ አገኘኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። አፈሩ ላይ ተደፍተው ምን ምን እንዳሉዎት አልሰማሁም፤ ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት። ልደግፋቸው ስጠጋ እጄን ገፉት፤ እውነታቸውን ነው። እኔ መናገር ስችል ዝም ብዬ በእርስዎ ላይ ብቻ ሳይሆን በእሳቸውም ላይ ይህን ጨመርኩ። አምላክ ነፍስዎን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልኝ። እርስዎ ሲኖሩ ይቅርታ ለመለመን አንድ ደቂቃ ጠፋኝ፤ አሁን ግን ደጅዎ ላይ የቆምነው ሁለት ሴቶች ነን። የእኔ ይቆይ፣ መምህሬ፤ ከቻሉ ከእሳቸው ይጀምሩልኝ።